ጆሮን መጎርጎር ንጽሕና አይደለም



በጤና ዓምዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ስለ ጆሮ ኩክ ነው። «ይህን ሁሉ ችግር ተሸክመን ስለ ኩክ ደግሞ ምን ያስወራል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሆኖም እዚህ ካኩማም ሆነ ካሎቤዬ ጆሮውን በእጁ ይዞ ወደ ክሊኒክ የመጣን ሰው «በምን ጠረጉት?» ብሎ የጠየቀ የጤና ሠራተኛ የሚሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ በክብሪት እንጨት፣ በመርፌ ቁልፍ፣ በእስክሪብቶ ክዳን፣ በዶሮ ላባ፣ በበር ቁልፍ። እንደ እኔ ትዝብት ከሆነ ኩኩ ራሱ ያመማቸው ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ኩኩን ለማውጣት ሲታገሉ ራሳቸውን የጎዱ ናቸው።

ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ጆሮን በማናቸውም ቀጭን ነገር መጎርጎር መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ቤት ለቤት እየዞራችሁ የምታስተምሩ በጎ ፈቃደኞችም ሌላውን ከመምከራችሁ በፊት ራሳችሁ ልትተዉት ይገባል።

ብዙዎቻችን ኩክን የምናየው እንደ ቆሻሻ ነው። ልጆቻችንን ስናጥብ ከአንገታቸው እድፍ ጋር ደምረን እንጠርጋለን። ኩክ ግን ሰውነታችን ራሱ አስቦ የሚሠራው ነገር ነው። የጆሮ ቦይ በአዋቂ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። ወደ ውጭ በቀረበው ክፍሉ ላይ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎች ቅባት ያመነጫሉ፤ ይህ ቅባት ከረገፈ ቆዳና ከአቧራ ጋር ሲደባለቅ ኩክ ይባላል። ቦዩን ያለሰልሳል፣ ውኃ ወደ ቆዳው እንዳይዘልቅ ያደርጋል፣ በመጠኑ አሲድነት ስላለው ተሕዋስያንና ሻጋታ እንዳይራቡ ይከላከላል። ነፋሱ ሲነሣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን የቱርካና አቧራ የምታውቁት ናችሁ። ያ አቧራ ወደ ታምቡር እንዳይደርስ ይዞ የሚያስቀረው ይኸው ኩክ ነው። ኩካችሁ ጠቆር ብሎ ብታዩት ሥራውን ሠርቷል ማለት እንጂ እናንተ ቆሽሻችኋል ማለት አይደለም።

በ2006 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የኩክን ዓይነት የሚወስነው አንድ ጂን መሆኑ ታውቋል። በሩቅ ምሥራቅ አብዛኛው ሰው ኩኩ ደረቅና ፍርፍር ያለ ሲሆን በአፍሪካና በአውሮፓ አብዛኛው ሰው ያለው እርጥብና የሚያጣብቅ ነው። እንግዲህ «የእኔ ልጅ ኩክ ለምን እንደ ማር ይሆናል?» ብላ የምትጨነቅ እናት ካለች መልሱ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ነው፤ ከሳሙና እጥረት ጋር አይገናኝም።

ከዚህም የሚያስደንቀው ጆሮ ራሱን በራሱ የሚያጸዳ መሆኑ ነው። የቦዩ ቆዳ ከታምቡሩ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይጓዛል፤ ኩኩንም ተሸክሞ ያወጣዋል። ስንበላና ስናወራ የመንጋጋችን እንቅስቃሴ ያግዘዋል። ወደ ውጭ የወጣውን ፊታችሁን ስትታጠቡ በእርጥብ ጨርቅ ከጆሮ ቅጠል ላይ ማበስ ብቻ ይበቃል። ትንሿ ጣታችሁ በጨርቅ ተጠቅልላ ከምትደርስበት አልፎ የሚገባ ምንም ነገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ ብር ኩክ ማውጫ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአገራችን እናቶች ከማተባቸው ጋር በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት፣ ጫፉ እንደ ትንሽ ማንኪያ የሆነው ጌጥ ነው። የብር አንጥረኛ ጥበብ የታየበት፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቅርስ ነው፤ በውጭ አገር ሙዚየሞች ሳይቀር ይገኛል። ከቤት ሲወጡ ሌላ ነገር መያዝ ያልቻሉ እናቶች እሱን በአንገታቸው እንዳደረጉ እዚህ ደርሰው ሊሆን ይችላል። ማንም ጣሉት አይላችሁም። በአንገታችሁ ይዋብ፤ ጆሮ ውስጥ ግን አይግባ። በተለይም አንዱ ማውጫ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጎረቤት ሲዘዋወር የአንዱን ጆሮ ሻጋታና መግል ለሌላው ያደርሳል።

ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውስ፣ በሁለቱም ጫፍ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን መጥረጊያ? ጥጡ ለስላሳ ስለሆነ ደኅና ይመስላል። ብዙዎቹ አምራቾች ግን በማሸጊያው ላይ ጆሮ ቦይ ውስጥ እንዳይገባ በጽሑፍ ያስጠነቅቃሉ፤ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነና በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አያነበውም። ጥጡ ላይ ትንሽ ቡናማ ነገር ስታዩ ያጸዳችሁ ይመስላችኋል። የቀረው ግን ወደ ውስጥ ተገፍቶ ታምቡሩ አጠገብ ይጠቀጠቃል። ዕጢዎቹ ያሉት ወደ ውጭ ስለሆነ በጥልቀት የተደፈነ ኩክ ብዙ ጊዜ ሰው ራሱ የገፋው ነው። በዚያ ላይ ቅባቱ ስለተነሣ ቆዳው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያሳክካል፤ ሲያሳክክ እንደገና ይጎረጎራል። «ካልጎረጎርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚሉ ሰዎች በዚህ አዙሪት ውስጥ የገቡ ናቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል ቢታገሡ ብዙውን ጊዜ ማሳከኩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ካልቀነሰ የሻጋታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ።

ጆሮ ሲነካካ የሚያስላችሁ ሰዎች አላችሁ። ይህ እብደት አይደለም፤ የጆሮን ቦይ የሚያዳርሰው አንዱ ነርቭ ከጉሮሮና ከሳንባ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ የክብሪት እንጨት ጆሮው ውስጥ ያስገባ ሰው በድንገት ቢያስል፣ ወይም ልጁ ሮጦ መጥቶ ክንዱን ቢገፋው፣ እንጨቱ የሚሄደው ወደ ታምቡሩ ነው። ታምቡር ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ስስ ነገር ነው። ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይደፈናል፤ ትልቁ ግን ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። ያንን ቀዶ ሕክምና ከካምፑ ለማግኘት የሚጠበቀውን የሪፈራል ወረፋ ደግሞ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ኩክ በእርግጥም የሚደፈንበት ጊዜ አለ። በዕድሜ የገፉ፣ ቦያቸው በተፈጥሮ ጠባብ የሆነ፣ የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርጉ፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ የስልክ ማዳመጫ ጆሮአቸው ውስጥ ሰክተው የሚውሉ ወጣቶች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ምልክቱ ጆሮ መክበድና መታፈን፣ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ መስማት፣ ሽው የሚል ድምፅ፣ አልፎ አልፎም ማዞር ነው። ገላችሁን ከታጠባችሁ በኋላ ጆሮአችሁ በድንገት ድፍን ቢል ኩኩ ውኃ ጠጥቶ አብጦ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ልታደርጉት የምትችሉት ቀላል ነገር ማለስለስ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ንጹሕ የምግብ ዘይት ነው። የተጠበሰበት ወይም ክዳኑ ተከፍቶ አቧራ የገባበት አይሁን፤ የለውዝ ዘይት ደግሞ ለለውዝ አለርጂ ላለበት ሰው አይሆንም። እሳት ላይ አታሙቁት። ጥቂቱን በንጹሕ ትንሽ ዕቃ አድርጋችሁ በእጃችሁ መሐል ብትይዙት የገላችሁን ሙቀት ያህል ይለዝባል። ከዚያም በጎን ተኝታችሁ፣ የተደፈነውን ጆሮ ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ሌላ ሰው የጆሮአችሁን ቅጠል ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ያንጠባጥብላችሁ፤ ለትንሽ ልጅ ከሆነ የሚሳበው ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው። አምስት ደቂቃ ያህል ሳትነሡ ቆዩ። ስትነሡ የፈሰሰውን በጨርቅ አብሱት እንጂ ጥጥ አትወትፉበት። ይህን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኩኩ ስለሚያብጥ ጆሮአችሁ ይብስ የታፈነ ሊመስላችሁ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ለዚህ ብላችሁም ክብሪት አታንሡ። ኩኩ ቀስ እያለ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል። ለጨቅላ ሕፃን ግን ክሊኒክ ሳይታይ ምንም አይጨመር።

«ዘይት ለወጥም አልበቃን» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እውነታችሁንም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ልዩ ልዩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ የኮክሬን ግምገማ ስለ ኩክ ማለስለሻዎች ያገኘው ነገር ለእኛ ጥሩ ዜና ነው፤ ከማንኛቸውም ጠብታዎች አንዱ ከሌላው ይበልጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አልተገኘም፤ ንጹሕ ውኃ ወይም ቀላል የጨው ውኃም ከሌሎቹ ያነሰ ነው ለማለት አልተቻለም። ስለዚህ ሩብ ሊትር ያህል በሚይዝ ብርጭቆ ውስጥ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ አድርጋችሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶበት፣ ለብ ብሎ በዚያው መንገድ ቢንጠባጠብ ይሠራል። በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ። ውድ ጠብታ ለመግዛት ሲባል ከሱቅ ዱቤ መግባት አያስፈልግም።

ሊሰመርበት የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ጆሮው መግል ወይም ደም የሚፈስበት፣ የሚያመው፣ ታምቡሩ ተቀድቶ የሚያውቅ ወይም ጆሮው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ዘይትም፣ ውኃም፣ ሌላ ፈሳሽም አይጨምር። ስኳር በሽታ ያለባቸውና ሰውነታቸው በሽታን የመቋቋም ኃይሉ የደከመ ሰዎችም ቀድመው መታየት አለባቸው፤ በእነርሱ ላይ ትንሽ የጆሮ ቁስል ወደ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል።

ስለ ሌሎቹ «መድኃኒቶች» በአጭሩ ልለፍ። ጋዝ፣ የባትሪ ውኃ፣ ትኩስ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ ሽንት፣ የጡት ወተት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፤ ሁሉም ጆሮ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ጤና አዳም ለቡና ይሁን።

ጆሮን በውኃ ማጠብ ብዙ ሰው ክሊኒክ መጥቶ የሚጠይቀው ነው። ጥሩ ሕክምና ነው፤ ግን የሠለጠነ ሰው የሚሠራው ነው። መጀመሪያ ኦቶስኮፕ በተባለው ባለ መብራት መመልከቻ ታይቶ ታምቡሩ ደኅና መሆኑ መታወቅ አለበት። ውኃው የገላ ሙቀት፣ ማለትም 37 ዲግሪ ያህል ሊሆን ይገባል፤ ከቀዘቀዘ ወይም ከጋለ ሰውየውን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋልም። ፍሰቱ ቀጥታ ወደ ታምቡሩ ሳይሆን ወደ ላይኛውና ወደ ኋለኛው የቦዩ ግድግዳ ይላካል። ካመመው ወዲያው ይቆማል። ይህን ሁሉ የማያሟላ ሰው፣ ስሙ ምንም ያህል በብሎኩ የታወቀ ቢሆን፣ በሲሪንጅ ውኃ ጆሮአችሁ ውስጥ እንዲረጭ አትፍቀዱ።

የባልደረቦቼን ነገርም ሳልነካ ብቀር አድሎ ይሆንብኛል። ጆሮ አመመኝ ላለ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሳይመለከቱ ጠብታ ወይም ኪኒን የመስጠት ልማድ በየትም አገር አለ፤ በእኛም አካባቢ አለ። ወረፋው ረጅም መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን ጆሮ ውስጥ መመልከት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ ጠብታዎች ደግሞ ታምቡሩ በተቀደደ ጆሮ ሲገቡ የመስማት ኃይልን ሊጎዱ ይችላሉ። እናንተም እንደ ታካሚ «እባክዎ ጆሮዬን ይመልከቱልኝ» ብትሉ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃቴ ልምጣ። ኩክና መግል በብዙ ቤት እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ። ልጁ ጆሮው ለወራት እየፈሰሰ «ኩክ ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» ይባላል። አይተወውም። ኩክ ቡናማ ወይም ቢጫ ቅባት ነው፤ አይሸትም፣ ትራስ አያረጥብም። ትራስ የሚያረጥብ፣ የሚሸት፣ ዝንብ የሚሰበስብ ነገር መግል ነው። መግሉ ከ14 ቀን በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚታከም አጣዳፊ ሕመም ነው፤ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ የቆየ ተብሎ ሕክምናው ይለያል፤ ጆሮውን ማድረቅና በሐኪም የታዘዘ ጠብታ ለሁለት ሳምንት መጠቀም ነው። ማድረቁን እናት ቤቷ ትሠራዋለች። ፈሳሽ የሚመጥ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ወይም ጠንካራ ሶፍት ወረቀት እንደ ኩራዝ ክር ይጠቀለላል፤ ጫፉ በቀስታ ይገባል፤ ሲረጥብ ወጥቶ ይጣላል፤ ሌላ ይተካል፤ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ። እንጨት ላይ አይጠቀለልም። ሥራው በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ስለሚደገም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ካልደረቀ ጆሮ ላይ የተንጠባጠበ መድኃኒት ግን ዋጋ የለውም። ከጆሮ ጀርባ አብጦ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ግን ለነገ አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይወሰድ።

መሬት ላይ ወይም ከቤት ውጭ በምንተኛባቸው የሙቀት ወራት ነፍሳት ጆሮ ይገባሉ። ሕያው ሆኖ የሚንፈራገጥ ነፍሳት እጅግ ያሠቃያል፤ ጆሮው ከዚያ በፊት መግል ያልነበረው ከሆነ ለብ ያለ ዘይት ሲንጠባጠብ ይሞታል፤ ከዚያ ክሊኒክ ይወጣል። ባቄላ፣ በቆሎ ወይም አተር ከገባ ግን ፈሳሽ አይጨመር፤ ያብጣል። ከሁሉ የከፋው ከአሻንጉሊት ወይም ከሰዓት የምትወጣው ክብ ትንሽ ባትሪ ናት። በሰዓታት ውስጥ ሥጋን ታቃጥላለች፤ ምንም ሳይንጠባጠብ ወዲያው ይሮጥ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ተረቱ ስለ ሐሜት ነው፤ ነገር ግን ለዚህም ይሆናል። ባለቤቱ ጆሮውን አያይም፤ መስማቱ ሲቀንስም ቶሎ አያውቀውም። ሕፃን ልጅ ደግሞ «አልሰማሁም» ብሎ አይናገርም። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ከኋላ ተቀምጦ ሁለት ጆሮው የተደፈነ ልጅ ስሙ ሲጠራ አይመልስም፤ መምህሩ ደፋር ይለዋል፣ አባቱ ሰነፍ ይለዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመስማት ሪፖርት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ መከላከል በሚቻሉ ምክንያቶች የሚመጣ መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ ልጁን ከመቅጣት በፊት ጆሮውን ማሳየት ይቀድማል። በጎ ፈቃደኞች ከልጁ ጀርባ ቆማችሁ በዝቅተኛ ድምፅ ስሙን ጥሩት። ካልዞረ ለወላጁ ንገሩና ወደ ክሊኒክ ላኩት። በየዓመቱ በጥር ትምህርት ሲከፈት የአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ጆሮ ቢታይ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም፤ የጤና ፕሮግራሙ ኃላፊዎች ይህን ሐሳብ እንዲያዩት በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።

አረጋውያንም እንዲሁ። አንድ ሽማግሌ በማከፋፈያው ቦታ ቁጥራቸው ተጠርቶ ሳይሰሙ ሰልፍ ያልፋቸዋል። ይህ በሚቀጥለው ቀን ይስተካከል ይሆናል። የጥገኝነት ወይም የመልሶ ማስፈር ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ጥያቄውን በግማሽ ሰምቶ የተመለሰ መልስ በወረቀት ይሰፍራል። «በስንት ዓመተ ምሕረት ወጡ?» የተባለውን «ስንት ልጆች ወለዱ?» ብለው የሰሙ ሰው የሚሰጡት መልስ የሚያስከትለውን አስቡት። ስለዚህ ቀጠሮ ያላችሁና ጆሮአችሁ የሚከብዳችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ አባትና እናት ያላችሁ፣ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ክሊኒክ ምጡ፤ ኩክ ከሆነ ለማለስለስና ለማጠብ ጊዜ ይበቃል። ጊዜው ካለፈም ወደ ክፍሉ እንደገባችሁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይነሣ፣ ለአስተርጓሚው «ጆሮዬ በደንብ አይሰማም፤ በዚህኛው በኩል ይቀመጡልኝ፣ ቀስ ብለውም ይናገሩ» በሉት፤ ይህም በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።